ሮም ገበያ ውስጥ ያገኘሁት የግዕዝ ፊደል

አባቴ ፒያሳ አንጥረኛ ነበር። ደንበኛ ጠገራ ብር ይዞ ሲመጣ ይመዝነዋል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል፣ ከዚያ እሳት ውስጥ ይከተዋል። ጠገራው ላይ የተቀረጸችው የኦስትሪያ ንግሥት፣ የማሪያ ቴሬዛ ፊት ማቅለጫው ውስጥ ሲጠፋ፣ በማግስቱ መስቀል ወይም ጉትቻ ሆና ስትወጣ እያየሁ ነው ያደግሁት። ባለፈው ጥቅምት ሮም የመሄድ ዕድል ሲገጥመኝ ልቤ የነበረው እሁድ ጠዋት ብቻ በሚቆመው፣ አሮጌ ሳንቲም በሚሸጥበት የፖርታ ፖርቴሴ ገበያ ላይ ነው። ኮሎሲየምን በደጅ አይቼው አለፍኩ።

አደራረሴ አላማረም። ባለታክሲው 80 ዩሮ ተቀበለኝ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው መሀል ከተማ ድረስ የተቆረጠ ታሪፍ እንዳለ፣ ያውም ከዚያ ያነሰ መሆኑን የሰማሁት በማግስቱ ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የተከራየሁት ክፍል መስኮቱ አይገጥምም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የጠርሙስ ቆሻሻ የሚጭን መኪና መጥቶ፣ እስኪነጋ ዓይኔን ሳልከድን ቀረሁ። ቅዳሜ በእንቅልፍ አለቀ።

እሁድ በ8 ቁጥር ትራም ትራስቴቬሬ ሄድኩ። ገበያው ምናለሽ ተራን ወንዝ ዳር ያሰፈሩት ይመስላል። እኛ ላይ ለዘመቱ ወታደሮች የተሰጠ ሜዳሊያ ከአሮጌ ቁልፍ ጋር ተደባልቆ ሲሸጥ ሳይ ሆዴ ተላወሰ።

የሳንቲም ነጋዴው ጋ ደርሼ በምልክት ስታገል፣ ነጠላ የለበሱ እናት ቀረብ ብለው «ምን ልበልልህ ልጄ?» አሉኝ። አስመራ ተወልደው፣ በጃንሆይ ጊዜ አማርኛ የተማሩ ናቸው። «አደይ፣ የኤርትራ ገንዘብ ካለው ጠይቁልኝ» አልኳቸው።

ነጋዴው መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. የ1891ን ታሌሮ፣ ትልቁን የብር ሳንቲም ነው። ንጉሥ ኡምቤርቶ ዘውድ ደፍቶ፣ ያ ትልቅ ጺሙ እንዳለ ተቀርጿል። ጣሊያን ይህን ያሠራችው በቅኝ ግዛቷ ማሪያ ቴሬዛን ለመተካት ነበር፤ ክብደቱ እንደሷው 28 ግራም ነው፣ የብሩ ጥራት ግን ከ83 ወደ 80 በመቶ ወርዷል። የሴትዮዋን የዘውድ ዕንቁና የትከሻ ጌጥ ነጥብ በነጥብ ቆጥሮ የሚቀበል ነጋዴ ደግሞ ጺም ያለው ንጉሥ ሲሰጡት እሺ አላለም። በ1918 የሴት ምስል ያለበት ሌላ ታሌሮ አወጡ፤ እሱም አልሆነም። በመጨረሻ በ1935፣ ሊወሩን ሲዘጋጁ፣ የማሪያ ቴሬዛን ማተሚያ ከቪየና አምጥተው እዚሁ ሮም ውስጥ ያትሟት ጀመር። ብዙ ሰብሳቢ ዛሬ የሚፈልገው ያኔ ያልተወደደውን ነው። ለኡምቤርቶ ታሌሮ 450 ዩሮ ጠራብኝ፤ አቅሜ ስላልሆነ መለስኩለት።

ቀጥሎ በ1890 የተሠሩ ሁለት ባለአንድ ሊራ አሳየኝ። አንዱ ጥቁር ነው፤ ጉድጓዱ ሁሉ ውስጥ ጥላሸት የተቀመጠ ይመስላል። ሌላው ያበራል። ጥቁሩ 90፣ የሚያበራው 35 ዩሮ። የተገላቢጦሽ መስሎኝ በአደይ በኩል ደግሜ አስጠየቅሁ። ነጋዴው አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝ። የሚያበራው ላይ ቀጫጭን ጭረት አለ፣ የንጉሡ ጉንጭ ተፍቋል። ሰው አጥቦታል። ለሰብሳቢ ያ ጥቁረት የመቶ ዓመት ዕድሜው ነው፤ አንዴ ከተነሣ አይመለስም። አባቴ የሰው ብር ሁሉ በአመድና በሎሚ ፈትጎ ሲያስረክብ ምን ያህል ይመረቅ እንደነበር አስታወስኩ፤ ይህን ሳያውቅ ማለፉ አሳዘነኝ።

እኔ የታጠበውን መረጥኩ። በጀርባው ዋጋው በጣሊያንኛ፣ በግዕዝ ፊደልና በዓረብኛ ተጽፏል፤ የእኛው ፊደል ከጥቁሩ ይልቅ እሱ ላይ ጎልቶ ይነበባል። አደይ ተከራክረው 30 አስገቡት። ሳንቲሙን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀሙት፣ ከዚያ ሥራዬን ጠየቁኝ። የአባቴን ሙያ እንደወረስኩ ስነግራቸው መዳፌን ጨብጠው «አደራ፣ ይህን እንዳታቀልጠው» አሉኝ።

በመሐረብ ጠቅልዬ ከፓስፖርቴ ጋር ደረት ኪሴ ከተትኩት። ትራሙ እስኪመጣ አብረውኝ ቆሙ።