ከሴራሚክ ሠራተኛው ጋር ክስ ላይ ሳንደርስ የተስማማነው እንዴት ነው?

ጀሞ ባለው ኮንዶሚኒየም ቤታችን የሻወር ቤቱን ሴራሚክ አስቀየርኩ። ሥራው ሲያልቅ ለዓይን ያምር ነበር። ችግሩ የመጣው መታጠብ ስንጀምር ነው። ውሃው ወደ ፍሳሹ መሄዱን ትቶ በሩ ሥር ይተኛል። ብዙ ሳይቆይ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት እናት መጡ። «ልጄ፣ ጣሪያዬ ረጠበ፤ ቀለሙም እየረገፈ ነው። ነይና እይልኝ» አሉኝ።

ለሠራተኛው ደወልኩ። «እህቴ፣ የኔ ሥራ ጤነኛ ነው። የሚያፈሰው ቧንቧው ነው» አለ። ቤት ያሳደሰ ሰው ይህን መልስ ያውቀዋል። ሴራሚክ ሠራተኛው በቧንቧ ያሳብባል፣ ቧንቧ ሠራተኛው በሴራሚክ። ከባዱ ነገር ደግሞ አንዳንዴ እውነታቸውን መሆኑ ነው። ስለዚህ «ጥፋተኛው ማነው» የሚለውን ትቼ «ውሃው የሚወጣው ከየት ነው» ከሚለው ለመጀመር ወሰንኩ። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ከጠቀሙኝ ነገሮች ትልቁ ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ቧንቧዎች በሙሉ ዘግቼ የውሃ ቆጣሪውን አየሁ። ንፁህ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ የሚያፈስ ቢሆን ቆጣሪው ይንቀሳቀስ ነበር። ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀጥሎ የልጄን ብይ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ወደ ፍሳሹ መንከባለል ሲገባው በቀስታ ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ በሳንቲም ሴራሚኩን እያንኳኳሁ ዞርኩ። ከሥሩ ሲሚንቶ በደንብ የገባበት ሴራሚክ ድምፁ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በበሩ በኩል ያሉት ግን እንደ ባዶ ጣሳ ነበር የሚጮኹት። ሁሉንም በቪዲዮ ቀርጬ በቴሌግራም ላኩለት። አይቶታል፤ መልስ ግን የለም። ስልክም ማንሳት አቆመ።

ያኔ ብዙ ሰው «ክሰሺው» አለኝ። እኔ ግን ሕጉን ከሚያውቅ ዘመዴ ጋር ቁጭ አልኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 ላይ፣ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው በመጀመሪያ ለሌላኛው ወገን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ይላል። ቁጥር 1774 ደግሞ በማስጠንቀቂያው ላይ የጊዜ ገደብ ማስቀመጥ እንደሚቻል ይናገራል። ስለዚህ አጭር ደብዳቤ ጻፍኩ፦ ሥራው ይኼ ነው፣ ጉድለቱ ይኼ ነው፣ እስከዚህ ቀን መጥተህ አብረን እንየውና አስተካክል። ስድብም ዛቻም የለበትም። አንዱን ቅጂ በቴሌግራም ላኩ፤ ሌላውን ሰው ባለበት እጁ ላይ ሰጠሁት።

ደብዳቤው ላይ አንድ ነገር ጨምሬ ነበር። ከእጅ ዋጋው የመጨረሻውን ሩብ አልከፈልኩም። ቀብዱንና የመሐሉን ክፍያ በቴሌብር ስለላክሁ ምን እንደተከፈለና ምን እንደቀረ አያከራክርም። «ቀሪው ገንዘብህ ተቀምጧል፤ የአንተ ነው። ሥራው ሲስተካከል ትወስደዋለህ» አልኩት። በኋላ እንደነገረኝ ስልክ ያላነሳው ገንዘቡን የምበላበት መስሎት ነው። የቀን ሠራተኞቹ ደግሞ እሱን ይጠይቁታል። ይህን ስሰማ ልቤ ራራ፤ ግን ሥራው ይስተካከል ከሚለው አልተመለስኩም።

መጣ። ሽማግሌ የምናደርገውን ሰው ሁለታችንም የምንቀበለው እንዲሆን ተስማማን። የኔ ዘመድ ቢዳኝ እሱ አያምንም፤ የእሱ ጓደኛ ቢዳኝ እኔ አላምንም። ሰፈሩ የሚያውቃቸው አንድ አንጋፋ ግንበኛ ነበሩ። የቀን አበላቸውን ለሁለት ከፈልን። እንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ሽማግሌው ሙያውን የሚያውቅ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። «ተው፣ አንተም ትንሽ፣ አንቺም ትንሽ» ብሎ ማስታረቅ ወለሉን አያደርቀውም።

እሳቸው ፍሳሹን በጨርቅና በፕላስቲክ አስደፈኑ፣ በሩን ገደቡ፣ ወለሉን በውሃ አስሞሉት። ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመሩ። እንዲህ ተደርጎ 24 ሰዓት ይታያል፤ ከታች ያሉትን እናት አስቀድመን አስፈቅደናል፣ ሳፋም አዘጋጅተዋል። የኛ ወለል ግን ያን ያህል አላስጠበቀም። ማታውኑ ከታች በበሩ በኩል ያለው ጥግ ማላብ ጀመረ። ፍሳሹ ተደፍኖ ውሃው ከወረደ፣ የሚያፈሰው ወለሉ ራሱ ነው ማለት ነው።

«አየህ ልጄ» አሉት። «ተዳፋቱ የሚያልቀው ሊሾው ላይ፣ ከሴራሚኩ ሥር ባለው የሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ነው። በአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሳንቲም ወደ ፍሳሹ መውረድ አለበት። በሴራሚክ ላስተካክለው ብትል አይሆንም።» ወደ እኔም ዞሩ። ውሃ የሚያግደው ከሴራሚኩ ሥር የሚቀባው መከላከያ እንጂ መገጣጠሚያው ላይ የሚሞላው ሲሚንቶ አይደለም አሉኝ። መከላከያ ደግሞ ስንዋዋል በዋጋው ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ተዳፋቱ የእሱ ዕዳ ሆነ፣ መከላከያውን መግዛት የኔ።

በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍነው። ወለሉን አንስቶ ሊሾውን ያለ ተጨማሪ የእጅ ዋጋ ይሠራል። እኔ መከላከያውን እገዛለሁ። የሚሰበረው ሴራሚክ ከተረፈው ካርቶን ይተካል፤ ከዚያ ካለፈ እሱ ይገዛል። የታችኛውን ጣሪያ ፍቆ የሚቀባው እሱ ነው፤ ቀለሙ ከኔ። ሴራሚክ የምትገዙ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ ካርቶን አስተርፉ። አንድ ዓይነት ሞዴል እንኳ በሌላ ጊዜ የተመረተው ቀለሙ ሊለይ ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ላይ መከላከያው ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚኩ ሳይነጠፍ፣ እንደገና ውሃ ሞልተን አሳደርን። ጠዋት ውሃው የእርሳሱ መስመር ላይ ነበር። ከታችም ጠብታ የለም። ሴራሚኩ ተነጥፎ ውሃው ወደ ፍሳሹ ሲሄድ ሁለታችንም አየን፤ ቀሪውን ገንዘብ እዚያው ቆሜ በቴሌብር ላክሁለት።

የጎረቤቴን ጣሪያ ግን ወዲያው አላስቀባንም። ኮንክሪቱ እርጥብ ሳለ ከተቀባ ቀለሙ ተመልሶ ይላጣል። ደርቆ እስኪያልቅ ጠበቅን። ከዚያ ሠራተኛው ራሱ ደውሎ መጣ፣ ፍቆ ቀባላቸው፤ ወረቀቱ ላይ የቀረችውን መስመር አብረን ሰርዘን ፈረምንበት።