«ከነአጥሩ» ብዬ የገዛሁት ቤት

የሽያጭ ውሌ ላይ «ቤቱን ከነአጥሩ» የሚል ቃል አለ። ከእኔ በላይ ያለውን ግቢ የገዙት ጎረቤቴ ውል ላይም እንዲሁ «ከነአጥሩ» ይላል። በሁለታችን መካከል ያለው ግን አንድ ግንብ ብቻ ነው። ሻጩ አንዱን ግንብ ሁለት ጊዜ ሸጦታል ማለት ነው፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ዝናብ ከዘነበ በኋላ ነው።

ቤቱ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐረር በሚያወጣው መንገድ በኩል፣ መሬቱ ወደ ተራራው ቀና ማለት በሚጀምርበት ተዳፋት ላይ ነው። ሻጩ በተጎራበቱ ሁለት ቦታዎች ላይ ሁለት አዳዲስ ቤቶች ሠርቶ መጀመሪያ የላይኛውን፣ ከአራት ወር በኋላ የታችኛውን ለእኔ ሸጠ። ባለ ሦስት መኝታ ቤት፣ ሰፊ በረንዳ፣ ጓሮው ውስጥ ማድ ቤት። ከኪራይ ለሚወጣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? የገዛሁት በጥር 2015 ዓ.ም. ነው፤ ሰማዩ ጠብታ በማይጥልበት ወር።

በወረቀቱ በኩል ሞኝ አልነበርኩም። ካርታው ከፋይሉ ጋር እንዲመሳከር አደረግሁ፤ ቀሪ የሊዝ ክፍያ እንደሌለበት፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ እንደሆነ አረጋገጥሁ። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ቀብድ ተቀባይ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን እንደሚመልስ፣ ከፋዩ ካፈረሰ ደግሞ እንደሚቀርበት አውቅ ነበር። የሻጩ ሚስት ካልፈረመች ውል የለም ብዬም ድርቅ አልሁ። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን ተፈራረምን፤ 2 በመቶውን የቴምብር ቀረጥ ከፈልሁ፤ ደላላውም ድርሻውን ይዞ ሄደ። ይህን ሁሉ ሳጣራ ግንቡን የነካሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀለሙ ደርቆ እንደሆነ ለማየት።

ግንቡ ግን ሊታይ የሚገባው ነበር። ከሥሩ ድንጋይ፣ ከላዩ ብሎኬት ነው። በእኔ በኩል ሦስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ በጎረቤቴ በኩል ግን ከደረታቸው አያልፍም፤ ምክንያቱም የእሳቸው ግቢ ከእኔው አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይላል። ስለዚህ ነገሩ አጥር ብቻ አይደለም፤ የአንድ ግቢ አፈር በጀርባው የተሸከመ ግንብ ነው። ሻጩ ወጪ ለመቆጠብ ይሁን ቦታ፣ የማድ ቤቴን አንድ ግድግዳ ትቶ የጣሪያውን እንጨቶች እዚያው ግንብ ውስጥ ሰክቷቸዋል። ባለቤቴ ሐረር ነው ያደገችው። ደስ እንዳላለኝ ስነግራት፣ «ጀጎል ውስጥ የጎረቤትህን ግድግዳ ሳትጋራ የት ልትኖር ኖሯል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የጀጎል ሰዎች ግን የግድግዳውን ነገር ለብዙ ትውልድ ተነጋግረው የጨረሱት ናቸው። እኛ ከላይ ያሉትን ሰው ስማቸውን እንኳ አናውቅም ነበር።

በመጋቢት ከደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጉርምርም ማለት ጀመረ። ድሬዳዋ ውስጥ ሌሊት ሲዘንብ ተኝቶ የሚያድር ሰው ጥቂት ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሊቱን ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደበትን ጎርፍ ያየ ሁሉ ጆሮው ንቁ ነው። እኛ ከወንዙ ርቀናል ብዬ ተጽናናሁ። ጠዋት ማድ ቤት ስገባ የግንቡ ቀለም የቡና ሲኒ አፍ በሚያህሉ እብጠቶች ተሞልቷል። አንዱን በጥፍሬ ስነካው ተቀረፈ፤ ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ ነገር ጣቴ ላይ ቀረ። በምላሴ ቀመስሁት፤ ጨው ጨው ይላል። ውሃ ግንቡን እያለፈ፣ ያሟሟውን ጨው ከቀለሙ ሥር እየተወ ነው። ከሦስተኛው ዝናብ በኋላ ድንጋዩና ብሎኬቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ አግድም ስንጥቅ ወጣ፤ ግንቡም መሀሉ ላይ ሆዱን ነፋ።

ውሌን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ጎረቤቴ በሩን ሲከፍቱ እሳቸውም ውላቸውን ከሳጥን አወጡ። «እኔም ልመጣብህ ነበር፣ ልጄ። ጣሪያህ ግንቤ ውስጥ ገብቷል» አሉኝ። ያን ቀን ያወራነውን አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ስለ ጣሪያው ስናወራ ግንቡ የእሳቸው ሆነ፤ ስለ ስንጥቁ ስናወራ የእኔ ሆነ። እኔም ብሆን የተሻልሁ አልነበርኩም፤ የእሳቸውን ክርክር ገልብጬ ስከራከር ነው ያመሸሁት።

ቀያሽ አስመጣን። በካርታችን ላይ ባሉት የወሰን ነጥቦች መካከል ክር ሲወጥር፣ ግንቡ በመንገዱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ በእኔ ቦታ፣ በጓሮው ጫፍ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእሳቸው ቦታ ላይ ሆኖ ተገኘ። መሠረቱን ያወጣው ሰው ክሩን ጠጅ ቤት ሆኖ ሳይወጥረው አልቀረም። ሻጩ አንድ ቀን መጥቶ «ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል» ብሎ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ። ጉድለቱን ባወቅሁበት ሳምንት በጽሑፍ ማሳወቅና ቅጂውን ማስቀረት ነበረብኝ። እኔ ግን በስልክ ስጮህ ሁለት ወር አለፈ፤ ጩኸት ደግሞ ማስረጃ የለውም።

ነገሩን የፈቱት ጎረቤቴ ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በባቡር መሥመር ጥገና ላይ ነው፤ ሽሚንደፈር፣ ማለትም ባቡሩ፣ ያሳደጋቸው ከሚባሉት የድሬ ሰዎች አንዱ ናቸው። አንድ ጠዋት በእኔ በኩል ገብተው ግንቡን በመዶሻ ጀርባ ቀስ እያሉ ኳ ኳ ያደርጉ ጀመር። «ሐዲድ ሥር ጠጠር የምናፈስሰው ለጌጥ ይመስልሃል? ውሃው ቶሎ እንዲወርድ ነው። አፈር የያዘ ግንብ ቀዳዳ ከሌለው፣ አፈሩ ሲርስ ውሃው ራሱ ይገፋዋል» አሉኝ። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ልስኑን መቱት፤ የቱቦ አፍ ብቅ አለ። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተወትፎበታል። ወረቀቱን በሽቦ ስቤ ሳወጣው መጀመሪያ አየር እንደ መተንፈስ ነገር ተሰማ፤ ቀጥሎ ቀይ ውሃ ደረቴ ላይ ተረጨ። እንዲህ ያሉ አሥራ አንድ ቀዳዳዎች አገኘን። የግንቡ ሠራተኛ በትክክል አስቀምጧቸው፣ ለሳኙ ደግሞ ለሽያጭ እንዲያምር ደፍኗቸው ነበር።

ጥገናው ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእሳቸው በኩል ግንቡን ተከትለን አፈሩን ቆፍረን አውጥተን በቦታው ጠጠር ሞላን፤ ሆዱን የነፋውን ብሎኬት አፍርሰን ሠራን። በእኔ በኩል ከቀዳዳዎቹ የሚወርደውን ውሃ ወደ መንገዱ የሚያወጣ ቦይ ሠራሁ። ጋሼ ግንቡ ጥግ ያስቀመጡትን የውሃ ታንከር ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ አራቁት። 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነው፤ ያ ሁሉ ሲገፋ የኖረው የእኛን ማድ ቤት ነበር።

ያልተስማማነው በጣሪያው ላይ ነው። ጋሼ እንጨቶቹ ከግንቡ ይውጡ አሉ፤ እኔ እንደገና ወጪ ማውጣት ከበደኝ። ሁለት የሠፈር ሽማግሌዎች ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ጨረሱት። ተሸነፍሁ፤ ማድ ቤቱን የራሱ አራት ዓምድ አቆምሁለት። እሳቸው ልክ ነበሩ፤ ሆድ የነፋ ግንብ ላይ ጣሪያ ማሳረፍ ያኔም ሊታየኝ ይገባ ነበር።

ከዚያ ስምምነቱን ጻፍን። ግንቡ የጋራ ነው፤ የጥገና ወጪ እኩል ነው፤ ቀዳዳ አይደፈንም፤ ከግንቡ ሦስት ሜትር ውስጥ ከባድ ነገር አይቀመጥም። በቤትና በቦታ ላይ መብት የሚሰጥ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ስለሚያዝ፣ ከሦስት ምስክር ጋር ሄደን አስመዘገብነው። ነገ አንዳችን ብንሸጥ አዲሱ ባለቤት እንዲያውቀው ቅጂው በየፋይላችን እንዲያያዝ አመለከትን። ይህን ወረቀት ሻጩ ሁለቱም ቤቶች በእጁ ሳሉ በአንድ ቀን ሊጽፈው ይችል ነበር። ዛሬ ጎን ለጎን ከተሠሩ ቤቶች አንዱን ልግዛ የሚል ወዳጅ ሲያማክረኝ፣ ከቤቱ በፊት የጎረቤቱን በር አንኳኳ፣ ግንቡን ከዚያ ወገን እየው፣ የጎረቤቱን ውል አስነብበኝ በለው እለዋለሁ። ክረምት እስኪያልፍ ከዋጋው ላይ ጥቂት በመቶ መያዝም ይቻላል፤ ሻጩ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

ሻጩ ጥገናው ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ አሥር ከረጢት ሲሚንቶ በጋሪ ላከ፤ መልእክት የለውም። ጋሼ ለደረጃቸው ማደሻ አዋሉት።

አሁን በዘነበ ቁጥር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ስልኬ ይጮሃል። ጃንጥላ ይዤ እወጣና በባትሪ እቆጥራለሁ።

«ስንቱ ፈሰሰ?»

«አሥሩ፣ ጋሼ። ሰባተኛው ቀርቷል።»

«በሽቦ ነካ አድርገው፤ እጠብቃለሁ።»