5 ሊትር ደም፣ 4 ደባሎች

ስደት ላይ ቋንቋው ገና ሳይገባኝ የገባኝ ነገር ቢኖር አስፈሪ ፊልም ነው። ኮሜዲ አልችልም ነበር። ሰው ሁሉ ስቆ ሲጨርስ እኔ እጀምራለሁ፤ እሱም ለይሉኝታ። የፍርድ ቤት ድራማማ ጭራሽ አይነሳ። ጭንብል ያጠለቀ ሰውዬ መጋዝ ይዞ ጫካ ውስጥ ሰው ሲያባርር ግን ምን አስተርጓሚ ያስፈልገዋል? መሮጥ ነው። ልጅቷ ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ መኪናው አልነሳ ይላታል። ሁሉም ነገር ግልጽ ነው።

ከየአገሩ የተሰባሰበ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ፊልም ቶሎ የሚስማማው ለዚህ ይመስለኛል። እኛ ቤት አራት ደባሎች ነን። እኔ አለሁ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ አንድ ያገሬ ሰው አሉ። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፤ አሁን ሌሎቹም ስማቸው መስሏቸው "ጋሼ" እያሉ ይጠሯቸዋል። አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ አለች። ከዚያ ደግሞ ልጁ። ልጁ ቀን ኮሌጅ ይማራል፣ ማታ መጋዘን ይሠራል፣ የቀረውን ጊዜ በሙሉ ለአስፈሪ ፊልም ሰጥቷል። መቼ እንደሚተኛ አናውቅም። ሺፍታችን ስለሚለያይ በር ላይ ሰላም ተባብለን ነው የምንተላለፈው። ሳሎን አብረን የምንቀመጠው እረፍታችን ሲገጥም ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ ሪሞቱን ቀድሞ የያዘ ይገዛል።

የያዘው ልጁ ነበር።

የፊልሙን ስም ልተወው። ብትፈልጉትም አትጠቀሙም። ታሪኩ ይኸው፦ ወጣቶች በመኪና ይጓዛሉ፣ መኪናው ይበላሻል፣ የተዘጋ ፋብሪካ ውስጥ ያድራሉ፣ እዚያ የሚኖር አንድ ሰውዬ ተራ በተራ ይጨርሳቸዋል። በቃ። ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ከዚህ በላይ የደከመ አይመስለኝም። ምስሉ ይጨልማል፤ ድምፁ አንዴ ይጮሃል፣ አንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ተዋናዮቹ የዳይሬክተሩ ጓደኞች መሆናቸው ያስታውቃል፤ ሲሞቱ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው የደረሱ አሉ። ደሙ ላይ ግን አልሰሰቱም። ያላቸውን ብር በሙሉ ደም ገዝተውበታል።

መጀመሪያ የሳቀችው ነርሷ ናት። ገዳዩ የአንዱን ልጅ ክንድ ሲቆርጥ ደሙ ጣራ ነካ። እሷ ትራስ አቅፋ ትንፈራፈራለች። "ትልቅ ሰው ውስጥ ያለው ደም እኮ 5 ሊትር ገደማ ነው። ይሄ ልጅ 20 ሊትር አፍስሶ ገና ያወራል!" አለች።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን ትተን እሷን አዳመጥን። ደም እየተረጨ የሚወጣው ከደም ቅዳ ነው፤ እሱም ልብ እየመታ እስካለ ድረስ። ከደም መልስ የሚመጣው ጠቆር ብሎ ይፈሳል እንጂ አይረጭም። የሞተ ሰው ላይ መጥረቢያ ቢያርፍ ምንም ወደ ላይ የሚፈነጥቅ ነገር የለም፤ የሚገፋው ልብ ቆሟል። መሬት ላይ የቀረ ደም ይረጋል፣ ሲቆይ ቡናማ ይሆናል። ፊልሙ ላይ ግን ፖሊስ በማግስቱ ሲደርስ ግድግዳው ገና አሁን የተቀባ ይመስላል። ነርሷ ይህን ሁሉ የምትናገረው እየሳቀች ነው። እኔ ግን ሶፋው ጥግ ላይ እየተሰበሰብኩ ነበር። ከፊልሙ ይልቅ የሷ ማብራሪያ ነው ያስፈራኝ።

ልጁ አልተናደደም። እንዲያውም ይህን ክርክር ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው። ፊልሙን አቁሞ ታሪክ ጀመረ።

የነዚህ ደም የሚረጭባቸው ፊልሞች መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው "ብለድ ፊስት" ነው። ኸርሸል ጎርደን ሉዊስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 ማያሚ ላይ ሠራው፤ በጀቱ 24,500 ዶላር ገደማ ነበር። ፊልሙ መጥፎ ነው። ሉዊስ ራሱም ጥሩ ነው ብሎ አልተሟገተም፤ በዓይነቱ የመጀመሪያው መሆኑ ይበቃዋል ባይ ነበር። ለተመልካቹ የማስታወኪያ ከረጢት ይታደል ነበር አሉ። ልጁ እንደሚለው ይሄ ዘዴ እስከዛሬ ይሠራል። በ2022 የወጣው "ቴሪፋየር 2" በጀቱ 250,000 ዶላር አካባቢ ነው። ሰው ሲኒማ ቤት ውስጥ ራሱን ሳተ፣ አስታወከ የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ተመልካቹን ማሸሽ ሲገባው ጭራሽ ጎተተው፤ ፊልሙ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ማስታወክ ማስታወቂያ ሆነላቸው ማለት ነው።

ስለ ደሙ ሲናገር ልጁ ዓይኑ ይበራል። ፊልም ጥቁርና ነጭ በነበረበት ዘመን ቸኮሌት ሽሮፕ ይበቃ ነበር። ሂችኮክ በ1960 በ"ሳይኮ" የሻወሩን ግድያ ሲቀርጽ የተጠቀመው እሱን ነው፤ የቢላዋው ድምፅ ደግሞ ሜሎን ሲወጋ የተቀዳ ነው። ቀለም ሲመጣ ቸኮሌቱ ጉዱ ፈላ። ከዚያ የበቆሎ ሽሮፕ ከቀይ የምግብ ቀለም ጋር መበጥበጥ ተጀመረ። ቀዩ ብቻውን ከሆነ መብራት ሲያርፍበት ወደ ሮዝ ስለሚሄድ ጠብታ ሰማያዊ ወይም ትንሽ ቸኮሌት ይጨመርበታል። ችግሩ መጣበቁ ነው። ሳም ሬይሚ "ዘ ኢቭል ዴድ"ን ቴነሲ ውስጥ ብርድ ላይ አንዲት ጎጆ ውስጥ ሲቀርጽ ዋናው ተዋናይ ከእግር እስከ ራሱ በሽሮፕ ተነክሮ ነው የከረመው። ሸሚዙ ከመድረቁ የተነሳ ሊለብሰው ሲል ተሰበረ ይባላል።

እኔ ፊልሙን መውደድ የጀመርኩት እዚህ ጋ ነው። ወይም ሠሪዎቹን። ከሥራ በተረፈ ሰዓት፣ ከኪስ በወጣ ብር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው የሰው አንጀት ሲሰፉ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ፒተር ጃክሰን "ባድ ቴስት"ን በእረፍት ቀናት እየቀረጸ 4 ዓመት ፈጅቶበታል፤ የጭራቆቹን ጭንብል ይጋግር የነበረው በእናቱ ምድጃ ነው። ኋላ በሌላ ፊልም በ2004 ኦስካር ተሸለመ። የኛ ፊልም ሠሪ የትም ላይደርስ ይችላል። ቢሆንም የተቆረጠው ክንድ ላይ ያሉት ፀጉሮች አንድ በአንድ የተተከሉ ናቸው። አጉልቼ አይቻለሁ። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ልፋት አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ በእውነት ደነገጥኩ። ገዳዩ አንዷን ልጅ ጎትቶ ክፍል ውስጥ ያስገባታል፣ በሩ ይዘጋል፣ እኛ ኮሪደሩ ላይ እንቀራለን። ድምፅ ብቻ ነው የምንሰማው። እዚያች ጋ ነርሷም መሳቅ አቆመች። ልጁ "እዚህ ጋ ብሩ አልቆባቸዋል" አለ። ሊሆን ይችላል። ብሩ ሲያልቅ ጥበቡ መጣላቸው። በ1974 የወጣውን የቶቢ ሁፐር "ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር" ያዩ ብዙ ሰዎች በደም የተጥለቀለቀ ፊልም አየን ይላሉ። ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ደም ጥቂት ነው። የቀረውን የመጋዙ ጩኸትና የራሳቸው ጭንቅላት ነው የሞላላቸው።

ጋሼ እስከዚህ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ተኝተዋል ብዬ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ "ጋሼ፣ እንዴት አዩት?" አልኳቸው።

"የሚያለቅስ የለም" አሉ።

"እንዴት?"

"ይሄ ሁሉ ልጅ አለቀ። አንዱ እንኳ እናት የለውም? ስልኩ አይጠራም? ጓደኛዋ እግሯ ሥር ወድቆ ልጅቷ ስለ መኪና ቁልፍ ታወራለች። ንገሪያቸው እስቲ።"

ነገርኳቸው። ልጁ ትንሽ አሰበና፣ አስፈሪ ፊልም ውስጥ ለቅሶ ከገባ ፍጥነቱ ይሞታል አለ። ተረጎምኩላቸው።

"ሰው ከሚሞት ፍጥነቱ ይሙት" አሉ ጋሼ።

ስለዚህ ፊልም የሰማሁት ትልቁ ትችት ይሄ ነው። ስለ ደሙ ቀለም ብዙ ተባለ፣ ስለ ድምፁ ተባለ፣ ስለ ትወናው ተባለ። የሞቱት ልጆች የማን እንደነበሩ የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ እዚህ እስኪደርሱ ምን እንዳዩ የሳቸው ታሪክ ነው፤ እኔ አልነካውም። ግን ስደተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ከመሃላችን አንድ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ እንዴት ሞተ አይደለም፤ ለቤተሰቡ ማን ይንገር ነው። ስልኩ ያለው ማነው፣ እናቱ ብቻዋን ናት ወይስ ሰው አብሯት አለ፣ ይሄ ነው የሚያስጨንቀው። ነርሷም ወዲያው ገባት። ሥራ ቦታ የሟች ዕቃ ከረጢት ውስጥ ተሰብስቦ እያለ ስልኩ ከውስጥ ይጮሃል አለች። ደም አይቶ የማይደነግጥ ባልደረባ እሱን ሲሰማ ወጥቶ ይሄዳል።

ይህን ለማሳየት ደግሞ ብር አያስፈልግም። ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 "ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ"ን የሠራው ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በ114,000 ዶላር ገደማ ነው። ደሙ ቸኮሌት ነው። ሙታኑ የሚቀራመቱት አንጀት ከአንድ ሥጋ ሻጭ የተገኘ ነው፤ ሰውዬው ገንዘብም አዋጥቷል። ድሃ ፊልም ነው በአጭሩ። ግን መጀመሪያ ላይ የሞተው ወንድም መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ እህቱ ፊቱን አይታ ክው ትላለች። ያ ትዕይንት አንዲት ተዋናይትና አንድ በር ነው ያስወጣው። የሞተች ልጇ ስትመጣባት መከላከል ያቃታት እናትም አለች። ሌሊቱን ሙሉ ተጋድሎ የተረፈው ጥቁር ሰውዬ ደግሞ ጠዋት ሊያድኑት በመጡት ሰዎች ጥይት ይሞታል። እኔ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ አንጀቱ አይደለም።

ልጁ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ አይደለም። የቶም ሳቪኒን ነገር አመጣ። ሳቪኒ የ"ዶውን ኦፍ ዘ ዴድ"ን እና የ"ፍራይዴይ ዘ ሰርቲንዝ"ን ቁስሎች የሠራ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ቬትናም ውስጥ የጦር ሜዳ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። የሚያየውን ለመቻል፣ ይሄ ሜካፕ ነው፣ እንዴት ነው የሚሠራው እያለ በካሜራው በኩል ይመለከት እንደነበር ተናግሯል። ልጁ ሊል የፈለገው፣ እውነተኛውን ያየ ሰው ሁሉ ከጨዋታው አይሸሽም ነው። ጋሼ ይሄን በጥሞና ሰሙ። "እሱስ ሰውዬው ገብቶኛል" አሉ። ስለ ፊልሙ ግን ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

ከዚያ "መንግሥት እንዲህ ያለውን ዝም ብሎ ያያል?" ብለው ጠየቁ። ዝም ያላለ ጊዜም ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በ1980ዎቹ ፖሊስ ካሴት ከየሱቁ ይሰበስብ ነበር፤ በ1984 ቪዲዮ ሁሉ በሳንሱር እንዲያልፍ ሕግ ወጣ። "ዘ ኢቭል ዴድ" ከተወገዙት አንዱ ነበር። ዛሬ የፊልም ተማሪ ያጠናዋል። ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ እኔ ከልጁ ጋር ነኝ፤ መከልከል ምንም አልፈየደም።

ከልጁ ጋር ያልተስማማሁት ሌላ ቦታ ነው። እኛ ፊልም ላይ ወንዶቹ በአንድ ምት ይሞታሉ። ሴቶቹ ጋ ሲደርስ ካሜራው አይነቃነቅም፤ ልብሱ፣ ልመናው፣ ጩኸቱ፣ ደቂቃ በደቂቃ። ነርሷም ይሄንኑ ታዝባለች። ልጁ መጀመሪያ "የዘውጉ ባህሪ ነው" አለ፣ ቀጥሎ "ልክ ናችሁ፣ ይሄኛው አብዝቶታል" አለ። መብራት ለመከራየት ብር አጠረን ቢሉኝ እቀበላለሁ። ይሄን ግን ያመጣው ድህነት አይደለም። ፈልገውት ነው።

ልዩ ልዩ ሰው ስለሚያነበኝ ምክሬን ልበል። ሜካፕና የእጅ ሥራ የሚወድ ሰው ይየው፤ ክንዷ ብቻ ታዋጣለች። ታሪክ የሚፈልግ ይለፈው። በእውነተኛ ሕይወቱ ብዙ ያየ ሰው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምር፤ ምስሉ ውሸት መሆኑን ዓይን ቶሎ ይለየዋል፣ ጆሮ ግን እንደዚያ አይደለም። ቢከብደው መነሳት ነው። ሳሎን ውስጥ ማንም አይታዘበውም፣ ቢያንስ እኛ ሳሎን ውስጥ።

ፊልሙ ሁለተኛ ክፍል አለው አሉ። ነርሷ ሜካፑ ተሻሽሏል ሲባል ሰምታ ከወዲሁ ጓጉታለች። ልጁ የሚመቸንን ቀን እየጠየቀ ነው። ጋሼ "እኔ ያን ቀን ሥራ ነኝ" ብለዋል። ቀኑ ገና አልተቆረጠም።