የዜሮዎች ድምርና ብዜት፦ ከባሕር ዳር የሒሳብ ጥናት ማስታወሻ

ውድ የጥናት ባልደረቦቼ፣ ሰሞኑን የኳድራቲክ ፖሊኖሚያል ዜሮዎች ከኮፊሸንቶቹ ጋር ያላቸውን ዝምድና ሳጠና ስለቆየሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ወደድኩ። ኮፊሸንቶቹ (አባዢ ቁጥሮቹ) ሀ፣ ለ እና ሐ የሆኑት የሀተ² + ለተ + ሐ ዜሮዎች፣ ማለትም ዋጋውን 0 የሚያደርጉት የተ ቁጥሮች፣ መ እና ነ ከሆኑ፣ ፖሊኖሚያሉ ሀ(ተ − መ)(ተ − ነ) ተብሎ ይጻፋል፤ ይህም ሲዘረዘር የዜሮዎቹ ድምር −ለ/ሀ፣ ብዜታቸው ደግሞ ሐ/ሀ መሆኑ ይታያል። ዝምድናው በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፍራንሷ ቪየት (1540–1603) ስም ይጠራል፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ አልበርት ዢራርም እ.ኤ.አ. በ1629 ለማንኛውም ዲግሪ (ለማንኛውም የተ ከፍተኛ ኃይል) አስፍቶ ጽፎታል።

ከሁሉ በላይ የማረከኝ ከግማሽ ድምሩ ተነሥቶ ዜሮዎቹን የማግኘት ዘዴ ነው። በጣና ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ ጎረቤታችን፣ አራት ማዕዘን የሆነውን መደባቸውን ዙሪያውን ለማጠር 60 ሜትር ሽቦ እንደፈጀባቸውና ስፋቱ 216 ካሬ ሜትር እንደሆነ ነግረውኝ ነበር። የዙሪያው ግማሽ 30 ስለሆነ ርዝመቱና ወርዱ የተ² − 30ተ + 216 ዜሮዎች ናቸው። ድምራቸው 30 የሆነ ሁለት ቁጥሮች ከ15 እኩል ይርቃሉና፣ አንዱን 15 + ረ፣ ሌላውን 15 − ረ ብለን ስናባዛቸው 225 − ረ² = 216 እናገኛለን። ስለዚህ ረ 3 ነው፤ ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ወርዱ 12 ሜትር ይሆናል። የ216ን አካፋዮች አንድ በአንድ መሞከር አላስፈለገም።

ከዚሁ ስሌት ሌላም ነገር ይነበባል፦ ረ² ከዜሮ ማነስ ስለማይችል፣ በ60 ሜትር ሽቦ የሚታጠር አራት ማዕዘን ከ225 ካሬ ሜትር ሊበልጥ አይችልም፤ እዚያ የሚደርሰውም አራቱም ጎኖቹ 15 ሜትር ሲሆኑ ብቻ ነው። በቁጥሮቹ ፋንታ ፊደላቱን ብናስገባ ግማሽ ድምሩ −ለ/2ሀ፣ ረ² ደግሞ (ለ² − 4ሀሐ)/4ሀ² ይሆናል፤ ሁላችን በቃል የያዝነው የኳድራቲክ ቀመር ይኸው ነው። ተማሪ ቀመሩን ከመቀበሉ በፊት በዚህ መንገድ ቢያልፍ ከየት እንደመጣ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ።

ዜሮዎቹን ሳያገኙ ስለ እነርሱ መናገርም ይቻላል። በ2ተ² − 7ተ + 4 ድምሩ 7/2፣ ብዜቱ 2 ነው (ሀ ከ1 የተለየ ሲሆን በሀ ማካፈል ግድ ነው)። ዜሮዎቹ የ17ን ስኩዌር ሩት ስለያዙ አይመቹም፤ የካሬዎቻቸው ድምር ግን ከ(7/2)² ላይ የብዜቱ እጥፍ፣ ማለትም 4፣ ሲቀነስ 33/4 ይሆናል። የካሬዎቹ ብዜት 4 ስለሆነ፣ እነዚያን ካሬዎች ዜሮዎቹ ያደረገው ፖሊኖሚያል 4ተ² − 33ተ + 16 ነው። ቀጥዬ ይህንኑ ሦስት ዜሮዎች ባሉት የሦስተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል ላይ እየሠራሁ ነው።