በጽሑፍ ይስጡኝ

ልጄ አምስተኛ ክፍል በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ጠዋት ውኃም ሆነ ሻይ አልቀምስም አለች። የምግብ ፍላጎቷ የተዘጋ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ራሷ እንደነገረችኝ ግን ክፍሏ ፎቅ ላይ በመሆኑና የመጸዳጃ ቤቱ በር ዊልቸሯን ስለማያሳልፍ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ሽንቷ እንዳይመጣባት ብላ ነው በጥማት የምትውለው። ሐኪሞች ሴሬብራል ፖልሲ የሚሉት፣ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ የሚደርስ ጉዳት እግሮቿንና ቀኝ እጇን ያዘ እንጂ ሒሳቧን አልነካውም።

የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ወደ ፒያሳ የሚወስደው የእግረኛ መንገድ ስለሰፋ ዊልቸሩን ራሷ ትነዳለች፤ የትምህርት ቤቱ በር ስንደርስ ግን 3 ደረጃዎች፣ ወደ ክፍሏ ደግሞ ሌሎች 22 ይጠብቁናል። ወንድሟ አዝሏት ይወጣል፣ ጥበቃው ዊልቸሩን ተሸክሞ ይከተላል።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና «እህቴ፣ ለእንደ እርሷ ዓይነቶቹ ልዩ ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያ ቢወስዷት አይሻልም?» አሉኝ። ልዩ ትምህርት ቤትን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ መስማት የተሳነው ልጅ በምልክት ቋንቋ የሚያወራው ጓደኛና መምህር ያስፈልገዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኘችው ዓይነ ስውሯ የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤም ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከተማረች በኋላ ነው እዚሁ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ገብታ ከሚያዩት ጋር የተማረችው። የእኔ ልጅ የቸገራት ግን ትምህርቱ ሳይሆን ደረጃው ነበር።

ስድስት ኪሎ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ያጠናች የአክስቴ ልጅ ነገሩን ስትሰማ ተቆጣችኝ፤ «በቃል አትከራከሪ፣ ‹መልስዎን በጽሑፍ ይስጡኝ› በያቸው» አለችኝ። በማግስቱ አልኳቸው። ርእሰ መምህሩ ትንሽ ዝም ብለው፣ ጥያቄዬን እኔ አስቀድሜ በማመልከቻ እንዳቀርብ ጠየቁኝ።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት (ኮንቬንሽን) በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ማጽደቋን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም የጸደቀ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል መሆኑን፣ የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 24 ደግሞ ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለልና ለእርሱ የሚያስፈልገው ማመቻቸት እንዲደረግለት እንደሚያስገድድ ጻፍኩ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃም እንዲመቻችላቸው እንደሚያዝ ጠቀስኩ። ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግልባጭ አደረግሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ እኔ ዘንድ የሚቀረውን ቅጂ ለምን ማኅተም እንደምፈልግበት አልገባትም ነበር፤ ቀንና ገቢ ቁጥር ጽፋ እስክትመታበት ድረስ ቆሜ ጠበቅኋት።

መልሱ በ9 ቀን መጣ። በጀት የለም የሚለው ዓረፍተ ነገር አልቀረም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 የመንግሥትን ድጋፍ ከሀገሪቱ አቅም ጋር ስለሚያያይዘው ይህ መልስ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ሆኖም ምድር ቤት ያለውን አንድ ክፍል ከልጄ ክፍል ጋር መለዋወጥ አንዲት ብር አልጠየቀም፤ ዓርብ ከሰዓት ተማሪዎቹ ራሳቸው ዴስክ ተሸክመው ጨረሱት። በሩ ላይ ላሉት ደረጃዎች የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ ሲሚንቶና አሸዋ አዋጥቶ ተዳፋት መንገድ አሠራ። የመጸዳጃው በር ግን እስከ ግንቦት ቆየ፤ እስከዚያ ድረስ ውኃዋን የምትጠጣው ቤት ስትመለስ ነበር።

ያልተፈታው የፈተና ሰዓት ነው። በግራ እጇ ስለምትጽፍ ትዘገያለች፤ አንዱ መምህር 20 ደቂቃ ሲጨምርላት ሌላው «ለሁሉም እኩል ነው» ብሎ ወረቀቱን ይነጥቃታል። ጭማሪው ሰዓት በመምህሩ በጎ ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል በትምህርት ቤቱ ውሳኔ እንዲጸድቅ እፈልጋለሁ። የሰኔው ፈተና ሳይደርስ ሁለተኛውን ማመልከቻ፣ አሁንም በሁለት ቅጂ፣ ሰኞ አስገባለሁ።