ምንጭ በክረምት አይለካም

ተማሪዎች ለበጎ ፈቃድ ወደ ገጠር የሚወርዱት ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምት ነው። ምንጭ ማጎልበት፣ ማለትም ምንጩን ቆፍሮ በግንብ ከልሎ ውሃውን በቧንቧ ማውጣት፣ ግን የበጋ ሥራ ነው። ይህ አለመገጣጠም ያሳስበኛል። መኪና በማይገባበት ገደላማ ቀበሌ እናቶችና ልጆች እንስራና ጀሪካን ተሸክመው የሚንከራተቱት ዝናቡ ሲጠፋ ነውና፣ ነሐሴ ላይ ታይቶ «ለመንደሩ ይበቃል» የተባለ ምንጭ በበጋው ማብቂያ ጠብታ ሆኖ ይገኛል።

መለካት ያለበት ክረምት ከመግባቱ በፊት ነው። ውሃውን በጭቃ ገድቦ በቆርቆሮ አሸንዳ ወደ 20 ሊትር ጀሪካን ማስገባት፣ እስኪሞላ ሰከንድ መቁጠር፣ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ አማካዩን መያዝ ነው። በ100 ሰከንድ ከሞላ በቀን 17,280 ሊትር ይወጣል። ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ቢታሰብ 690 ሰው ያህል ያጠጣል፤ የሌሊቱ ውሃ ከተጠራቀመ ማለት ነው። የ12 ሰዓቱ ሌሊት 8,640 ሊትር ስለሚሰጥ 10 ሜትር ኩብ (10,000 ሊትር) የሚይዝ ማጠራቀሚያ ይበቃዋል።

ቁፋሮው በእጅና በቀስታ ይሁን። የምንጩ ዓይን፣ ውሃው የሚፈልቅበት ቦታ፣ እስኪገኝ አፈሩ ይነሳል፤ ከሥሩ ያለው ጠንካራ የሸክላ አፈር ግን አይበሳም፤ ውሃውን አዝሎ የያዘው እሱ ነው።

ከሁሉ የምፈራው ውሃው ከፍ እንዲል ተብሎ ከዓይኑ በላይ ሲታቆር ነው። የትርፍ ውሃ ማስወጫው ቱቦ ከዓይኑ ዝቅ ብሎ መተከል አለበት። አለዚያ ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይገፋና በሌላ ስንጥቅ ይወጣል። አንዴ የሸሸን ምንጭ ሲሚንቶ አይመልሰውም።

ከግንቡ ጀርባ በደንብ የታጠበ ጠጠር፣ በላዩ የተረገጠ ሸክላ፣ ከዚያ አፈር ይሞላል። ጠጠሩ ካልታጠበ ደለሉ ቱቦውን ይደፍናል። ሲሚንቶ በአህያ፣ 50 ኪሎው በአንድ ጭነት ስለሚመጣ አስቀድሞ አጓጉዞ መሬት ላይ መከመር ያጓጓል፤ ግን እርጥበት ይዞት ይጠጥራል። በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ልስኑም ቢያንስ 7 ቀን በርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ። ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ተጣድፎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነውና ግንቡ ይሰነጠቃል።

ታዲያ የክረምቱ ወጣት ምን ይሥራ? ከምንጩ በላይ 10 ሜትር ያህል ርቆ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ ጎርፉ የሚታየው ያኔ ስለሆነ አቅጣጫውን ለማወቅ ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም። አጥር ይታጠር፣ ሣር ይተከል። ባሕር ዛፍ ግን በአካባቢው አይድረስ፤ ውሃውን ይጠጣዋል። ትርፉ ውሃ ከአጥሩ ውጭ ወዳለ የከብት ማጠጫ ገንዳ ይመራ፤ ከብቱ ከተጠማ አጥሩን እረኛው ራሱ ይከፍተዋል።

የውሃ ኮሚቴው ከግንባታው በፊት ይመረጥ፤ ገንዘብ ያዥዋም ውሃ ቀጂ ሴት ብትሆን እመርጣለሁ። የቧንቧው ጎማ ሲያልቅ በማግስቱ የሚሰማት እሷ ናት። የመጀመሪያው መዋጮ መለዋወጫ ጎማና አንድ የቧንቧ መፍቻ ይግዛ።