755 ሚሊዮን ዶላር እና የእድራችን ደብዳቤ

ዲሲ አካባቢ ያለ ሀበሻ የአሜሪካን ኮንግረስ የሚያውቀው በቁጥር ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የቀረበውን ኤችአር 128ን ማን ይረሳል? በ2018 እስኪያልፍ ድረስ ስንቱ ደውሏል፣ ስንቱ ሰልፍ ወጥቷል። በ2022 ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት ማዕቀብ የሚያነሳው ኤችአር 6600 ሲመጣ ደግሞ ካፌው ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ፣ በአንድ ጠረጴዛ ቡና ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰው ነበር። ረቂቁን ማን አመጣው፣ ማን ደገፈው፣ ለማን ይደወል፣ ሁሉም በቃሉ ይዞታል። የአገር ቤት ጉዳይ ሲሆን እንዲህ ነን። የራሳችን ጓዳ ጉዳይ ሲሆን ግን ጆሯችን ይዘጋል።

ይህን ያነሳሁት ከአንድ ጋሼ ከምላቸው የታክሲ ሰው ጋር ስለተከራከርኩ ነው። የዲሲዋ እንደራሴ የኤሊኖር ሆልምስ ኖርተን ስም ተነሳና፣ «እሷ ደሞ ምን ታደርጋለች? ድምፅ እንኳ አትሰጥም። ወሬ ብቻ!» አሉ። ቤት ገብቼ የእሳቸውንና የሌሎቹን የኮንግረስ አባላት የኮሮና ጊዜ ንግግሮች መፈለግ ጀመርኩ። እልህ ነው ያስጀመረኝ፤ በኋላ ግን ወደድኩት።

ጋሼ ግማሽ እውነት አላቸው። ዲሲ ስቴት አይደለችም፣ ሴናተር የላትም። ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የምትልከው ሰው ረቂቅ ያቀርባል፣ በኮሚቴ ድምፅ ይሰጣል፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ይናገራል፤ ሕጉ በመጨረሻ ሲወሰን ግን ቁጭ ብሎ ያያል። ወይዘሮ ኖርተን ከ1991 ጀምሮ በዚህ ወንበር ናቸው። የፌዴራል ግብር ግን እንደ ማንም እንከፍላለን፤ ውክልና የሌለው ግብር ይብቃ የሚለው ብሶት የመኪናችን ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ተለጥፏል።

አሁን ወደ ማርች 2020 እንመለስ። ኬርስ አክት የተባለው የ2.2 ትሪሊዮን ዶላር የኮሮና ድጎማ ሕግ ማርች 27 ጸደቀ። የዚያን ዕለቱን ክርክር ቪዲዮ ያላየ ይፈልገውና ይይ። አባላቱ እንዳይጠጋጉ ተብሎ ግማሾቹ ላይ፣ የጎብኚዎች ሰገነት ላይ ተቀምጠዋል። ከሚሺጋን የመጡት ሄይሊ ስቲቨንስ ሮዝ የላስቲክ ጓንት አጥልቀው እየጮኹ ይናገራሉ፤ ሰዓታቸው አልቋል፣ መዶሻው ይመታል፣ እሳቸው ወይ ፍንክች። ያኔ ሳየው ስቄ ነበር። አሁን ሳየው አልሳቅኩም።

ለየአንዳንዳችን 1,200 ዶላር የመጣው በዚህ ሕግ ነው። ለሥራ አጦች በየሳምንቱ 600 ዶላር የተጨመረውም በዚሁ ነው። ከሁሉ በላይ ለእኛ ሰው የጠቀመው ፒዩኤ የሚሉት የወረርሽኙ ጊዜ የሥራ አጥ ድጎማ ይመስለኛል። ከዚያ በፊት በራሱ የሚሠራ ሰው፣ ማለትም ታክሲ ነጂውም የኡበሩም ሹፌር፣ መደበኛውን አንኢምፕሎይመንት ማግኘት አይችልም ነበር። ኤርፖርቱ ጭር ሲል ጋሼ መኪናቸውን አቁመው በዚያ ገንዘብ ነው ኪራይ የከፈሉት። «ጋሼ፣ ያቺ ገንዘብ ከየት የመጣች ይመስልዎታል?» ብላቸው «ከትራምፕ» አሉኝ። ምን ላድርግ፣ ቼኩ ላይ የሰውየው ስም ታትሞበት ነበር!

ዲሲ በዚህ ሕግ ምን ደረሰባት መሰላችሁ? እያንዳንዱ ስቴት ለራሱ ወጪ ቢያንስ 1.25 ቢሊዮን ዶላር እንዲያገኝ ተወሰነ። በ2020 ቆጠራ ዋዮሚንግ ወደ 577 ሺህ ሰው አላት፣ ቬርሞንት 643 ሺህ ገደማ። ሁለቱም 1.25 ቢሊዮናቸውን ወሰዱ። ወደ 690 ሺህ ሰው ያላት ዲሲ ግን ከፖርቶ ሪኮ፣ ከጉዋም እና ከሌሎቹ ግዛቶች ጋር ተደምራ በሕዝብ ብዛት ተካፈይ ተባለች። የደረሳት 495 ሚሊዮን ገደማ ነው። ልዩነቱ 755 ሚሊዮን ዶላር። ከተማዋ የፌዴራል ግብር እንደ ስቴት እየከፈለች፣ ገንዘብ ሲታደል ግዛት ሆነች ማለት ነው።

ኖርተን ይህችን 755 ሚሊዮን አልለቀቋትም። በመግለጫ፣ በንግግር፣ በደብዳቤ፣ እንደ ተበዳሪ ቤት ደጅ እንደማይጠፋ አበዳሪ ደጋግመው አነሷት። ሲደጋገም ይሰለቻል፣ አልዋሽም። አንብቤ አንብቤ «ገባን እኮ» ያልኩበት ጊዜ አለ። የ2020 ዲሴምበሩ የ900 ቢሊዮን ዶላር ድጎማ ሕግ መጣ፣ ለከተሞችና ለስቴቶች ማካካሻ ግን አልነበረውም። ከዚያ በጃንዋሪ 2021 የጆርጂያ ሁለት የሴኔት ወንበሮች በዴሞክራቶች እጅ ገብተው ሴኔቱን ገለበጡት፤ ማርች 11 ቀን 2021 ባይደን የ1.9 ትሪሊዮኑን ሕግ ሲፈርሙ 755ቷ ሚሊዮን ውስጡ ነበረች። ዲሲም በአዲሱ ድልድል እንደ ስቴት ተቆጠረች።

ንግግር ብቻውን አመጣው ልላችሁ አይደለም። ከንቲባዋ ጮኸዋል፣ ሴኔት ውስጥ የያዙት ሰዎች ነበሩ፣ ጆርጂያ ባትኖር ደግሞ ሁሉም ምኞት ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ዓመት ሙሉ ሲነገር የከረመ ቁጥር በሩ በተከፈተ ቀን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ከባዶ የሚጀምር የለም። ጋሼን ይህን ስነግራቸው «እሺ፣ ለኔ ስንት ደረሰኝ?» አሉ። እሱማ የከተማ በጀት ነው ጋሼ!

ያልተነገረለት ነገር ምን እንደሚሆንም አይተናል። በመጀመሪያው ቼክ ጊዜ ባልና ሚስት አብረው ታክስ ፋይል አድርገው አንዳቸው የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ከሌላቸው፣ ዜጋ የሆነውም ጭምር ምንም አያገኝም ነበር። ሚስቱን ገና ያስመጣ፣ ወረቀቷ ያልተስተካከለላት፣ ስንቱ ቤት ተነካ። በዲሴምበሩ ሕግ ሶሻል ላለው ወገን ወደ ኋላ ተመልሶ ተስተካከለ። ይህን ከኛ መካከል ስንቱ እንደሰማ እንጃ። የምግብ ቤቶቹ 28.6 ቢሊዮን ዶላር ፈንድም እንዲሁ ነው፤ ከ278 ሺህ በላይ አመልክተው ወደ 101 ሺህ ብቻ ደርሷቸው ገንዘቡ አለቀ። የሀበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ናይንዝ ስትሪት ላይ ክትፎ በፌስታል እያቀበሉ ያን ክረምት ያለፉትን ሰዎች ሳስብ እናደዳለሁ።

ደግሞ ሌላ ዓይነት ንግግር አለ። ኮንግረሽናል ሪከርድ የሚባለውን የየዕለቱን ቃለ ጉባኤ ስታነቡ፣ ከትሪሊዮኑ ክርክር ጀርባ የማመስገኛና የማስታወሻ ገጾች ታገኛላችሁ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ መቶ ዓመት የሞላት ቤተ ክርስቲያን፣ ያረፉ የሰፈር ሽማግሌ። ብዙው ጮክ ተብሎ አይነበብም፤ እንደራሴው ጽሑፉን ይሰጣል፣ ይታተማል፣ ቤተሰቡ በፍሬም ይሰቅለዋል። መጀመሪያ ላይ እየዘለልኩት ነበር። የምርጫ ማባበያ ነው የሚል ሰው ቢመጣም አልከራከረውም፤ አንዳንዱ ነው።

የ2020ው ግን ሌላ ነው። ኤፕሪል 23 ለትናንሽ ድርጅቶች ብድርና ለሆስፒታሎች 484 ቢሊዮን ዶላር ሲወሰን፣ የካሊፎርኒያዋ ማክሲን ዋተርስ ማስክ አድርገው ወጡ። ስለ ሕጉ ሲናገሩ መሃል ላይ፣ ይህን ሕግ ሴንት ሉዊስ ሆስፒታል ውስጥ በኮሮና እየሞተች ላለች እህታቸው መታሰቢያ እንዳደረጉት ተናገሩ። እህትየው ገና በሕይወት ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። የመጀመሪያው የብድር ገንዘብ፣ 349 ቢሊዮኑ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አልቆ ነበር የዚያን ቀን የተሰበሰቡት። ስለ ብድሩና ስለ እህታቸው በአንድ ንግግር፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ።

ጁላይ ላይ ጆን ሉዊስ አረፉ። አስከሬናቸው ካፒቶል ሲያርፍ የተናገረው ብዙ ነው፤ ግማሹ የሚያውቃቸው ከቴሌቪዥን ነበር። ኖርተን ግን በ1963ቱ የዋሽንግተን ሰልፍ አስተባባሪዎች መሃል ነበሩ፣ ሉዊስ የሰልፉ ወጣት ተናጋሪ፣ ሁለቱም በአንድ የተማሪዎች ንቅናቄ ያደጉ። የእኩያ ሐዘን ከባለሥልጣን ሐዘን ይለያል።

ይህን ሁሉ አንብቤ በእድራችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። በኮሮናው ጊዜ ለአረጋውያኑ አስቤዛ በራሳቸው መኪና በየበሩ ሲያደርሱ የነበሩ አንድ አባት አሉን። ለኖርተን ቢሮ እንጻፍና በሪከርዱ ይመስገኑ አልኩ። ዝም ተባለ። ከዚያ አንዲት እትዬ «ውይ፣ ሳይሞቱ?» አሉ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እውነታቸውን ነው፤ እኛ ሰው የምናመሰግነው የሕይወት ታሪኩ በሚነበብበት ቀን ነው፣ እሱም ያኔ አይሰማ።

በክርክር ተስማማን፣ ጸሐፊ ተመረጠ፣ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። አስቤዛውን፣ መኪናውን፣ ያደረሱባቸውን ሰፈሮች ጽፌ ጨርሻለሁ። የቆመው ዕድሜያቸው ላይ ነው። ፓስፖርታቸው የሚለውና እሳቸው የሚሉት በስድስት ዓመት ይለያያል። ሰብሳቢያችን «አባባ፣ የትኛውን እንጻፍ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ ትንሽ አሰቡና «ለኮንግረስ ከሆነ የፓስፖርቱን» አሉ።